ከእንጨት የተሠራው የአዋሽ ድልድይ

ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በገዋኔና በአዳይቱ አድርጎ ወደ ሚሌና ሰመራ የሚዘልቀው አስፋልት ቀንም ሌሊትም አያርፍም። ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ተሳቢና ነዳጅ ጭኖ የሚመለሰው ቦቴ በየድልድዩ ላይ ይተላለፋሉ። ሹፌሩ ውኃውን ለማየት እንኳ አንገቱን አያዞርም።

የዛሬ 140 ዓመት ግድም ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1879 (እ.ኤ.አ.) ከስዊዘርላንድ የመጣው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ አዋሽን የሚያሻግር የእንጨት ድልድይ ነበር። መኪናም ባቡርም በሌለበት ዘመን ያ ሁሉ ግንድ ወንዙ ዳር የደረሰው በሰው ጉልበት ነው። ኢልግ ከዚያ በኋላ በ1894 የምድር ባቡሩን ፈቃድ ከምኒልክ ተቀበለ። ባቡሩም በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የባቡሩን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የእንጨቱን ድልድይ የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ዝምታ ተገቢ አይደለም።

ኢልግ ያደገበት አገር ጣራ በለበሱ የእንጨት ድልድዮች ይታወቃል። በሉሰርን ከተማ ያለው ካፔልብሩከ የተባለ ድልድይ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ጣራው ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። ዝናብ ገብቶ የሚያበሰብሰው ተሸካሚውን ግንድ ስለሆነ፣ ጣራው በግንዱ ፈንታ ይመታል፤ ሲያረጅም እሱ ብቻ ይቀየራል። በ1993 እሳት አብዛኛውን ክፍል በላው፤ የከተማው ሰዎች ግን በዓመቱ መልሰው ሠርተው ከፈቱት። እንጨት ዕድሜው የሚያጥረው ተንከባካቢ ሲያጣ ነው።

ልባሱን እየቀየሩ እንጨቱን የማቆየቱን ብልሃት ለአፋር እናቶች ማስረዳት አያስፈልግም። ዳቦይታ የተባለውን ተንቀሳቃሽ ቤት የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ቆልማማውን እንጨት አቁመው በሰሌን ያለብሱታል፤ ሰሌኑ ሲያልቅ ሌላ ይጎነጎናል፣ እንጨቱ ግን ከግመል ጀርባ ወርዶ እንደገና ይቆማል።

ዛሬ ድልድዩ ብረትና ኮንክሪት ቢሆንም ጠላቱ ያው ውኃ ነው። በሐምሌና ነሐሴ አዋሽ ሲሞላ ግንድና ቁጥቋጦ እያግበሰበሰ ይወርዳል። የመጣው ሁሉ ምሰሶው ላይ ሲጠራቀም ውኃው መውጫ ፍለጋ ወደ ታች ይቆፍራል፤ የመሠረቱንም አፈር ጠርጎ ይወስዳል። ከላይ ደግሞ የውኃ መውረጃው ቀዳዳ በአቧራ ሲደፈን ዝናቡ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ቀስ እያለም ወደ ብረቱ ይሰርጋል። ቀዳዳውን ለመክፈት አንድ ሰውና አንድ አካፋ ይበቃል፤ ድልድዩ ከተሰበረ ግን የአገሪቱ ዋና የወደብ መንገድ ይቆማል።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። በአዋሽ ከተማ ድልድይ አጠገብ የኢልግን ድልድይና ግንዱን የተሸከሙትን ሰዎች የሚያነሣ ሰሌዳ በአፋርኛና በአማርኛ ይቁም። የመንገድ ሥራ ኃላፊዎችም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በሰኔ፣ ከአዋሽ እስከ ሎጊያ ያሉትን ድልድዮች በእግራቸው ወርደው ከሥር ይመልከቱ።