ግብዝ ስለሚለው ቃል

ግብዝ ብሎ መሳደብ ለአፍ ቀላል ነው፤ የቃሉ ፍቺ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ በባልንጀራችን ላይ ከመወርወራችን አስቀድሞ ማንን እንደሚነካ ማስተዋል ይገባናል።

ወንጌል በተጻፈበት በጽርዕ ቋንቋ ግብዝ «ሂፖክሪቴስ» ይባላል። ይህ ስም አስቀድሞ የነውር ስም አልነበረም፤ በቴአትር የሚጫወት ሰው መጠሪያ ነበረ እንጂ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ በአቴና ከተማ፣ ተጫዋቾች ፊታቸውን በጭምብል ይሸፍኑ ነበር። አንዱም ሰው ጭምብሉን እየለወጠ አንድ ጊዜ ንጉሥ፣ አንድ ጊዜ መልእክተኛ፣ ወንድ ሲሆንም ሴት መስሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን ማንንም አላታለለም፤ የሚመለከተው ሕዝብ ሁሉ ጨዋታ መሆኑን ያውቅ ነበርና። ግብዝ ግን ጭምብሉን ሰውሮ በኑሮው የሚጫወት ነው፤ ምጽዋቱ ለድኻው ሳይሆን ለተመልካች፣ ጸሎቱም ለአምላክ ሳይሆን ለሰው ጆሮ ነው።

የግእዝ ወንጌል ደግሞ ግብዝን «መድልው» ይለዋል። ይህ ቃል መመዘንን ከሚያመለክተው ከ«ደለወ» የወጣ ነው፤ አድልዎ የምንለውም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እንግዲህ የጽርዑ ቃል የግብዝን ፊት ቢያሳየን፣ የግእዙ እጁን ያሳየናል፤ ሁለት ሚዛን ይዞ የሌላውን በደል በከባዱ፣ የራሱን በቀላሉ ይመዝናልና።

ስለዚህ ድካምና ግብዝነት አንድ አይደሉም። ጾሞ የተቈጣ፣ ጸልዮም የበደለ ሁሉ ግብዝ አይደለም፤ ወድቆ ጥፋቱን የሚያምን ሰው ጭምብል የለውምና። እንዲህ ያለውን ግብዝ ብሎ ማሳፈር፣ በጎ መንገድ የጀመረውን ወደ ኋላ መመለስ ነው። አንዳንዱም ይህን ስም ፈርቶ መመጽወትንና መጸለይን ይተዋል፤ ይህም ስሕተት ነው። የግብዝነት መድኃኒቱ በጎ ሥራን መተው አይደለም፤ በአደባባይ የሠሩትን ማንም በማያይበት ስፍራ ደግሞ መሥራት ነው እንጂ።

ልጆች ሆይ፤ ሰውን ግብዝ ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ፣ ሚዛኑ በእጃችሁ እንዳለ አስቡ። በዚያው ሚዛን አስቀድማችሁ ራሳችሁን መዝኑ፤ ያን ጊዜ ምላሳችሁ ይታገሣል፤ ልባችሁም ይቀናል።