የተቆረጠ ሁሉ ገለባ አይደለም

«የተጣለ ተጥሏል፤ ምን ይቆፈራል?» የሚል አነጋገር በመካከላችን እየተለመደ መጥቷል። በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ ሳይቀር ተነግሯል። ነገሩ የተነሣው በቀላል ጉዳይ ነበር። እትሙ ከተባዛ በኋላ ያልወጡት ጽሑፎች፣ የተሰረዙት አንቀጾች፣ የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች ምን ይሁኑ? ቢባል፣ «ቦታ ከሚያጣብቡ ይቃጠሉ» ተባለ፤ አብዛኛውም ሰው እጁን አወጣ። እኛ ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች እጃችንን አላወጣንም። ለምን እንዳላወጣን እዚህ እንናገራለን። የምንጀምረው ግን አንዳንዶቻችሁ ከምትንቁት ቦታ፣ ከቪዲዮ ጨዋታ ነው።

«ለጎጃም ልጅ የጃርት ጨዋታ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ይታገሠን። ይኸ ጃርት በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ እየሮጠ ከእኛም ዘንድ ደርሷል፤ ደግሞም የሚያስተምረን ነገር አለው።

«ሶኒክ 2» የተባለው ጨዋታ በአሜሪካና በኤውሮፓ ለገበያ የወጣው በ1992 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ኅዳር 15 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። የሠራው የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ በካሊፎርኒያ ባቋቋመው የሥራ ክፍል ውስጥ ነበር። ዩጂ ናካ ፕሮግራሙን ሲጽፍ፣ ሂሮካዙ ያሱሃራ የጨዋታውን አካሄድ ሲያቅድ፣ የጃፓንና የአሜሪካ ወጣቶች አብረው ይደክሙ ነበር። ሰማያዊው ጃርት እየሮጠና እየዘለለ፣ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ «ሌቭል» የምንላቸውን ደረጃዎች አንድ በአንድ ያልፋል። ይኸን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም የማያውቀው ግን ታቅደው፣ ተሥለው፣ አንዳንዶቹም ተጀምረው ሳያልቁ የተቆረጡ ደረጃዎች መኖራቸውን ነው።

ከሁሉ የታወቀው «ስውሩ ቤተ መንግሥት» የሚባለው ነው። ምድር ውስጥ ያለ፣ ዕንቁ የሚያበራበት ዋሻ ነበር። ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት ሥዕሉ በመጽሔት ታይቷል። አንባቢ አይቶ ጓጓ፤ ካሴቱን ገዝቶ ቢፈልገው ግን የለም። «የእንጨት ዞን» የተባለም ነበር፤ ሥዕሉ በመጽሔት ወጥቶ የነበረ የበረሃ ደረጃም ነበር። ሁሉም ተቆርጠዋል።

ለምን ተቆረጡ? «ባይረቡ ነዋ!» ይላሉ ጓደኞቻችን። በመሠረቱ የክርክራችን ሥር እዚህ ላይ ነው። ካሴቱ የሚይዘው 8 ሜጋቢት፣ ማለት 1 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ቀኑም ተቆርጦ ነበር፤ ዕቃው ከፈረንጆች ገና በፊት ሱቅ መድረስ አለበት። እንግዲህ ስውሩን ቤተ መንግሥት የቆረጠው የጊዜና የቦታ ጥበት ነው። ገበያው «በዚህ ቀን አድርስ» አለ፤ ካሴቱ «ከዚህ በላይ አልችልም» አለ፤ መቀሱም ወረደ። የተቆረጠ ሁሉ የማይረባ ስለሆነ ነው የሚለው አስተሳሰብ፣ ገበያን የኪነ ጥበብ ዳኛ አድርጎ መሾም ነው። ገበያ ደግሞ ቸኩሎ የሚፈርድ ዳኛ ነው።

ይኸን ስንል ግን ማንኛውም መቁረጥ ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። በዚያው ጨዋታ ውስጥ ትርጉሙ «የዘር ማጥፋት ከተማ» የሚሆን ስም የተሰጠው ደረጃ ታቅዶ ነበር። የእንግሊዝኛው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያልተረዱ ሰዎች ያወጡት ስም ነው። ስሙ ቀረ፤ እሰየው! ካርታው ግን አልተጣለም። ሌሎቹ ዞኖች በብዛት ሁለት ሁለት ክፍል ሲኖራቸው፣ «ሜትሮፖሊስ» የተባለው ሦስት ያለው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል፤ የተቆረጠው ካርታ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ገባ። እንግዲህ ሠሪዎቹ ራሳቸው የቆረጡትን ወዲያው ቢያቃጥሉት ኖሮ፣ የምንጫወተው ጨዋታ ራሱ በጎደለ ነበር። የዛሬው ቁራጭ ለነገ ጥጋኝ ይሆናል። ይኸን የልብስ ሰፊ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዴት ያጣዋል?

ስውሩስ ቤተ መንግሥት የት ደረሰ? በገበያ ላይ በዋለው ካሴት ውስጥ፣ በድምፅ መፈተሻው 10 ቁጥር ላይ፣ በየትኛውም ደረጃ የማይሰማ አንድ ዜማ ቀርቶ ነበር። ተጫዋቾች «ይኸ የማን ዜማ ነው?» እያሉ ዓመታት ጠየቁ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ፣ ጨዋታው ሳያልቅ የተገለበጠ አንድ የሙከራ ቅጂ በኢንተርኔት ተገኘ፤ ያላለቀው ዋሻም በውስጡ ነበረ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ በተጫዋችነት ጀምሮ ጨዋታ ሠሪ የሆነው ክርስቲያን ዋይትሄድ ከጓዱ ጋራ «ሶኒክ 2»ን ለእጅ ስልክ እንደገና ሲሠራ፣ በሴጋ ፈቃድ ስውሩ ቤተ መንግሥት ተጠናቆ ገባ። 21 ዓመት! የ10 ዓመት ልጅ ሆኖ ሥዕሉን በመጽሔት ያየ ሰው፣ በ31 ዓመቱ ገብቶ ተጫወተው።

እንግዲህ እንጠይቅ። ያንን ያላለቀ ቅጂ አንድ ሰው «ቦታ አጣበበ» ብሎ ቢደመስሰው ኖሮስ?

ሁለተኛው የተቃዋሚዎቻችን መከራከሪያ ከአገር ቤት የተወሰደ ነው። «የእኛ ሊቃውንት ረቂቅ አያስቀምጡም፤ ቅኔ አዲስ ሆኖ ይዘረፋል፣ አይደገምም፤ እናንተ የፈረንጅ ልማድ ልታስገቡ ነው» ይላሉ። ይኸማ በእኛ ሜዳ ላይ መጥቶ መጫወት ነው!

ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ለአገር ያስተዋወቋት፣ ራሳቸውም የተማሩባት ዲማ ጊዮርጊስ ለቢቸና ቅርብ ናት። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ደግሞ ደብረ ወርቅ በመንገድ ላይ ናት። የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚማር ከአጎቶቻችንና ከጎረቤቶቻችን ሰምተን ነው ያደግነው። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ናት። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ እያለ እስከ መወድስ ድረስ ይወጣል። ደረጃ ማለት ይኸ ነው፤ አንዱን ሳያልፉ ሌላውን መዝለል የለም። ተማሪው ከሰው ርቆ ሲያወጣና ሲያወርድ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፦ ምሥጢሩ አልሰመረም፤ ሰሙ ወርቁን አልሸፈነም፤ ቤቱ ተሰብሯል። ተማሪው የተማረው በዚያች እርማት ነው እንጂ ባማረው ቅኔ ብቻ አይደለም።

አሁን ልብ በሉ። ያ የተሰበረ ቅኔ ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ እውነት ነው። ጠፋ ግን ማለት አይደለም። መምህሩ ሰምቶታል፤ የጉባኤው ልጆች ሰምተውታል፤ የትኛው ቤት ለምን እንደተሰበረ፣ በምን እንደተቃና በጆሯቸው ይዘውታል። የቅኔ ቤት ረቂቁን የሚያስቀምጠው በሰው ውስጥ ነው። እኛስ? የጆሮውን ትምህርት ትተን ወረቀት ያዝን፤ ወረቀቱን ደግሞ እናቃጥል እንላለን! በቃል አንይዝም፣ በጽሑፍም አናኖርም። እንዲያው በምን ልንማር ነው? ይኸ የአባቶችን ልማድ መከተል አይደለም፤ የአባቶችን ግማሽ ወስዶ የፈረንጅን ግማሽ ጥሎ፣ ባዶ እጅ መቅረት ነው።

እዚያም ቤት ቢሆን ጉድለት የለም አንልም። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ«መጽሐፈ ቅኔ» የሰበሰቡልን ያማረውን፣ የተጠናቀቀውን ነው፤ እጅ ነሥተን እንቀበላለን። ያ ያማረው ቅኔ ሲጀመር ምን ይመስል እንደነበረ፣ የት ላይ እንደተሰናከለ የሚያሳየን ግን በአብዛኛው ከሊቃውንቱ ጋራ አፈር ገብቷል። ጀማሪው ያለቀውን ብቻ እያየ «እኔ እዚህ አልደርስም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። የደረሱትም ተሰናክለው እንደደረሱ ማን ይንገረው?

ሦስተኛው መከራከሪያ «የጎደለ ነገር ምንም አይናገርም» የሚል ነው። ለዚህ የምንመልሰው በድንጋይ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ፣ ከዘመነ ፋሲለደስ የቆየ የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ ማን ነው? ሰባራ ድልድይ! በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ተቆርጦ ነው። ከዚያ በኋላ የጎጃምና የቤጌምድር ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ በዚያ ክፍተት ላይ ተሻግሯል። ዛሬም ድልድዩ የሚጠራው በቆመው ድንጋይ አይደለም፤ በጎደለው ነው። ጎደሎው የሚናገረው ግን ሕዝቡ የተቆረጠበትን ምክንያት አብሮ ስላቆየለት ነው። ምክንያቱ ቢጠፋ ኖሮ፣ ዛሬ ቆመን «ግንበኛው ሰንፎ ነው» እያልን በሟች እንፈርድ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ፍርሃታችን እንደርሳለን። መቀስ የሚይዝ እጅ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የደራሲው የራሱ እጅ ነው፤ መብቱ ነው፣ ይቁረጥ። ሁለተኛው የአራሚ እጅ ነው፤ ሦስተኛው የገጽና የቀለም ጥበት ነው። አራተኛው የባለ ሥልጣን እጅ ነው፤ አምስተኛው የፍርሃት እጅ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ሲቀር፣ መቀሱን የያዘው እጅ የትኛው እንደነበር አንባቢ ያወቀው መጽሐፉ በየጓዳው ተደብቆ ስለቆየ ነው። ሳንሱርን የከለከለው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 የወጣው ያ ጨዋታ በተሸጠበት በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ነበር። አዋጁ በወረቀት ወጣ፤ መቀሱ ግን ከየሰዉ ልብ ወጥቷል ወይ? ከመካከላችን «ይኸ አንቀጽ ያስጠይቀኛል» ብሎ የራሱን ግጥም ያልከረከመ ማን ነው?

ረቂቅ ሲቃጠል የሚጠፋው ጽሑፉ ብቻ አይደለም፤ መቀሱን የያዘው እጅም አብሮ ይሰወራል። ነገ አንድ ሰው ይኸን መጽሔት ገልጦ «የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ምንም አላሉም» ቢል፣ ብለን እንደነበር፣ ነገር ግን በቦታ ጥበት ወይም በፍርሃት እንደተቆረጠ በምን እናስረዳዋለን? ዝም ያለና ዝም የተባለ አንድ ሆነው ይቀራሉ። የምንሟገትለት ነገር ይኸው ነው እንጂ የወረቀት ፍቅር ይዞን አይደለም።

«ደራሲው ያፈረበትን ማቆየት ነውር ነው» የሚሉትን እናከብራለን። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ይኸ ነው። ማስቀመጥ ግን ማሳተም አይደለም። ቄስም የንስሐ ልጁን ምሥጢር ይይዛል፤ በአደባባይ አያወራውም። ጸሐፊው «መልሱልኝ» ካለ ይመለስለት፤ «ስሜ ይሰረዝ» ካለ ይሰረዝለት፤ «ይቃጠል» ካለ ራሱ ያቃጥለው። ማቃጠል የባለቤቱ መብት ነው፤ የኮሚቴ ግን አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ያልወጣ ጽሑፍና የተሰረዘ አንቀጽ ሁሉ፣ ጸሐፊው እስካልከለከለ ድረስ፣ ቀን ተጽፎበት በአንድ ካርቶን ይቀመጥ።

ሁለተኛ፦ ለምን እንደቀረ በአንድ መስመር ከጎኑ ይጻፍ። «ቦታ ጠበበ» ከሆነ ቦታ ጠበበ ይባል። «አልበሰለም» ከሆነ አልበሰለም ይባል። «ፈራን» ከሆነም፣ በቃ፣ ፈራን ተብሎ ይጻፍ።

ሦስተኛ፦ በየዓመቱ መጨረሻ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ ባለቤቶቹ የፈቀዱት ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ይነበብ። ያለቀውን ብቻ ሳይሆን የተሰበረውንም ሰምተው ይግቡ።

ይኸ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ደብዳቤም አያስጽፍም። በሩቅ አገር ያሉ ወጣቶች ለአንድ ጃርት ዋሻ 21 ዓመት ከጠበቁ፣ እኛ ለገዛ ጓደኞቻችን ቃል አንዲት ካርቶን ነፈግን መባል ያሳፍራል። ጉዳዩ በሚመጣው ስብሰባ እንደገና ተነሥቶ ድምፅ እንዲሰጥበት እንጠይቃለን። እስከዚያ ድረስ ማንም ክብሪት እንዳይጭር። ካርቶኑን እኛ እናመጣለን።