ከቡራኬው አስቀድሞ

በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ በስተሰሜን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ የሚኖረው ወገናችን ብዙ ዘመን በኪራይ ቤት ተጠግቶ፣ ሁለት ሥራ ደርቦ፣ ለልጆቹ ጓሮ ያለው ቤት መግዣ የሚሆን ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ፣ ቁልፉን በተረከበ በመጀመሪያው እሑድ ካህን ጠርቶ ጸበል ማስረጨቱ፣ ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ ዳቦ ማስቈረሱና ዕጣን ማጤሱ አባቶቻችን ያቈዩልን መልካም ሥርዓት ነውና ማንም ሊነቅፈው አይገባም። እኔ ዛሬ ላሳስብ የምወደው ከዚያ ቡራኬ አስቀድሞ ሊደረግ ስለሚገባው፣ ብዙዎቻችንም በችኰላ ወይም በይሉኝታ ስለምንዘለው ነገር፣ ይኸውም ቤቱን የሙያው ፈቃድ ባለው፣ ከሽያጩ አንዳች ጥቅም በማያገኝ መርማሪ ስለ ማስመርመር ነው።

በራሴ የደረሰውን ላስቀድም፤ ዘመኑንም በዚሁ አገር አቈጣጠር እጽፋለሁ። በ2021 በሚያዝያ ወር የቤት ብድር ወለድ በ3 በመቶ ዙሪያ ስለ ነበረ ገዢው ከሻጩ እጅግ በዝቶ፣ ለገበያ የቀረበ ቤት ሳምንት ሳይሞላው ያልቅ ነበር። እኔና ባለቤቴም ሁለት ጊዜ ዋጋ አቅርበን ሁለት ጊዜ ከተቀደምን በኋላ፣ በ1952 የተሠራ፣ ከፊቱ ጥላው የሰፋ ዛፍ የቆመበት አንድ የቀይ ሸክላ ቤት አይተን ልባችን ዐረፈበት። የቤት ወኪላችን፣ በተለምዶ ኤጀንት የምንለው፣ ከእኛው ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፣ በሐዘንም በደስታም የማይለየን ወጣት ነበረና፣ «ጋሼ፣ ኢንስፔክሽኑን ካልተውነው ሌላ ሰው ይወስድብናል» ባለኝ ጊዜ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ እርሱን አለማመን መስሎ ስለ ታየኝ፣ ቃሉን ተቀብዬ ፈረምኩ።

በኅዳር ወር ብርዱ ሲገባ፣ አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ዘንድ በተቀመጡበት ሰሞን፣ በቤዝመንቱ ወለል ካለው የውኃ መውረጃ የቤቱ ፍሳሽ ሁሉ ወደ ላይ ይመለስ ጀመር። ቧንቧ ሠሪው ካሜራ የታሰረበትን ረጅም ገመድ ወደ ውስጥ ሰድዶ ያሳየኝ ነገር እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም፤ በዚያ ዘመን ይቀበር የነበረው የሸክላ ቱቦ በየመጋጠሚያው ተላቆ፣ በጥላው ደስ የተሰኘሁበት ያ ዛፍ ቀጫጭን ሥሮቹን እንደ ጠጕር አብዝቶ በስንጥቁ እያስገባ መንገዱን ፈጽሞ ዘግቶት ነበር። ከቤቱ ጀምሮ እስከ ይዞታው ወሰን ያለው ቱቦ የባለቤቱ ዕዳ ስለ ሆነ፣ ግቢው ተቈፍሮ አዲስ ቱቦ እስኪቀበር ድረስ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ወጣብን። ያንኑ ካሜራ ከመግዛታችን በፊት ለማስገባት የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት መቶ ዶላር፣ ጊዜውም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነበር።

ወጣቱን ወኪል በክፉ አላነሣውም፤ የነገረኝ በዚያ ወራት ሁሉም የሚናገረውን ነውና። ነገር ግን ወኪል ዋጋውን የሚቀበለው ሽያጩ ሲፈጸም መሆኑን እያወቅን፣ ሽያጩን ሊያፈርስ የሚችለውን ምርመራ በእርሱ ፈቃድ ላይ መጣላችን ለእርሱም ፈተና፣ ለእኛም ጥፋት ነው። አባቶቻችን በገበያ በሬ ሲገዙ ጥርሱን ገልጠው፣ ሰኰናውን አንሥተው፣ ወዲያና ወዲህ አስኪደው፣ ከብት የሚያውቅ ጎረቤታቸውንም ጠርተው ካስመሰከሩ በኋላ ነበር ገንዘቡን የሚቈጥሩት፤ ሻጩም ወንድማቸው ቢሆን አያኰርፍም ነበር። ለበሬ ያላፈርንበትን ጥንቃቄ፣ 30 ዓመት በዕዳ ለሚያስረን ቤት ሲሆን ማፈራችን ከምን የመጣ እንደ ሆነ ባስበው፣ በሰው አገር ያገኘነውን አንዱን የቋንቋችንን ተናጋሪ እናስቀይመዋለን ከሚል ስጋት በቀር ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ደግሞም ብዙዎች ወገኖች፣ «ባንኩ ሰው ልኮ አስመርምሯል» ሲሉ እሰማለሁ። ባንኩ የሚልከው ገማች ቤቱ የሚያወጣውን ዋጋ ለአበዳሪው የሚመሰክር ሰው ነው እንጂ፣ ጣሪያ ሥር ገብቶ እንጨት የሚፈትሽ፣ የኤሌክትሪኩን ሳጥን ከፍቶ ሽቦ የሚያይ መርማሪ አይደለም። ሕጉም ቢሆን ገዢውን እስከ መጨረሻው አይሸኘውም። በቨርጂኒያ ሕጉ «ገዢ ራሱ ይጠንቀቅ» በሚለው በጥንቱ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ በሜሪላንድም ሻጩ የቤቱን ሁኔታ በዝርዝር ከመግለጽ ይልቅ፣ የሚያውቀውን ስውር ጕድለት ብቻ ገልጦ፣ «ቤቱን እንዳለ እሸጣለሁ» የሚለውን ቅጽ መርጦ መፈረም ይችላል።

ባለፈው ዓመት የእኅቴ ልጅ በጀርመንታውን በ1980ዎቹ የተሠራ ታውንሃውስ ልትገዛ በተነሣች ጊዜ፣ መርማሪውን ራሷ ፈልጋ፣ ራሷ ዋጋውን ተስማምታ፣ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሰውየው በዕድሜ የገፋ፣ ንግግር የማያበዛ ነበር፤ ሁላችንም ወጥ ቤቱን ለማየት ስንቸኵል እርሱ ግን ወደ ውስጥ ሳይገባ ገና ከውጭ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረው። መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ ማዘንበሉን፣ በመጀመሪያው 10 ጫማ ውስጥ ቢያንስ 6 ኢንች መውረድ እንዳለበት እየነገረን ለካ፤ አሸንዳው የሚያወርደውን ውኃ ከመሠረቱ አጠገብ እንደሚያፈሰው በጣቱ አመለከተን። ከዚያ በኋላ መሰላሉን አቁሞ፣ ባትሪውን ይዞ ወደ ጣሪያው ሥር ወጣና፣ ከጎረቤት ቤት ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ አጠገብ ያለውን የጣሪያ ጣውላ በመፍቻው ጫፍ ቢነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ምክንያቱንም ሲያስረዳን፣ በዚያ ዘመን እሳት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንዳይሻገር ተብሎ እሳትን በሚከላከል ኬሚካል የተነከረ ጣውላ በነዚህ ቤቶች ጣሪያ ላይ ይመታ እንደ ነበረ፣ ነገር ግን የበጋው ሙቀት ኬሚካሉን እያነቃቃ ራሱን እንጨቱን እንዳስበላው ነገረን። ለጥበቃ የተደረገው ነገር ሳይታይ ለጥፋት መሆኑን በዐይኔ አይቼ ዝም አልሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲመረምር ውሎ ማታውኑ ከነፎቶግራፉ ጽፎ ላከላት፤ ሻጩም ጽሑፉን ባየ ጊዜ ጣውላውን በራሱ ወጪ አስቀየረ።

የቤቱ ዘመን ራሱ መርማሪው ምን እንደሚፈልግ ይነግራል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የእርሳስ ቀለም ይፈራል፤ ለእርሱም የፌዴራሉ ሕግ ለገዢው 10 ቀን የምርመራ ጊዜ ይሰጠዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩት የአሉሚንየም ሽቦ፣ ከ1978 እስከ 1995 ባሉት ደግሞ በድንገት የሚፈነዳ ግራጫ የፕላስቲክ ቧንቧ ይገኛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ከምድር ውስጥ እየተነሣ በቤዝመንት የሚጠራቀመው ራዶን የሚባለው ጋዝ ነው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለ21 ሺህ ያህል ሰዎች በሳንባ ካንሰር መሞት ምክንያት እንደሆነ ይገምታል፣ ልኩም በሊትር 4 ፒኮኩሪ ከደረሰ ቤቱ እንዲስተካከል ይመክራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከጥቂት ከተሞች በቀር፣ ከ2016 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ሲሸጥ የራዶን ምርመራ እንዲደረግ በሕግ ወስኗል፤ መሣሪያውም መስኮትና በር በተዘጋበት 48 ሰዓት ይቀመጣል። ራዶንም፣ ምስጥም፣ የፍሳሽ ቱቦውም በተራው ምርመራ ውስጥ ስለማይገቡ፣ እኒህን ለይቶ መጠየቅና ለይቶ መክፈል ያስፈልጋል።

«ገበያው ከጠነከረ ምርመራ የጠየቀ ገዢ ተቀባይነት አያገኝም» የሚለኝ አንባቢ ቢኖር፣ ችግሩን በሥጋዬ ስላየሁት አላቃልልበትም። ነገር ግን ዋጋ ከማቅረብ በፊት፣ ቤቱ ለእይታ ክፍት በሆነባቸው ቀናት መርማሪ ይዞ ገብቶ ማሳየት ይቻላል፤ ወይም ሻጩን አድስልኝ ሳይሉ፣ ቤቱ ባይሆን ውሉን የማፍረስ መብትን ብቻ ይዞ መዋዋል ይቻላል። ሁለቱም በዚህ አካባቢ የተለመዱ ናቸው፤ ለእኔ በዚያን ጊዜ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው የምጽፋቸው።

በሜሪላንድ የቤት መርማሪ ያለ ፈቃድ መሥራት አይችልም፣ በቨርጂኒያም ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ወዲህ እንዲሁ ነው፤ የፈቃዱን ቍጥር ተቀብላችሁ በግዛቱ መዝገብ አስተያዩ። ቀድሞ የጻፈውን አንድ ምርመራ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ያገኘውን ብልሽት እኔው ልጠግነው የሚላችሁን ተዉት፤ ምርመራው በሚደረግበትም ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁ ከሥፍራው አትለዩ፣ እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወላጆች ለሚገዙት ቤት ደግሞ ከልጆቻቸው አንዱ አብሮ ይገኝ። በቤት ወኪልነት የተሰማራችሁ ወንድሞችና እኅቶችም፣ በእናንተ ላይ ያለን አክብሮት አፋችንን ይዞት ዝም ባልን ጊዜ፣ እኛ ሳንጠይቃችሁ «መርማሪውን እናንተው ፈልጉ፣ እኔ እጠብቃለሁ» በሉን ብዬ እለምናችኋለሁ።