«ገበያው የሚፈልገው ይህን ነው»

ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው መጀመሩ ብዙ ጊዜ አይለይም። ምቱ ያው ችክችካ፣ መግቢያው ያው ኪቦርድ፣ ድምፁም በአውቶቲዩን የታሸ ነው። ለምን ሲባሉ ፕሮዲውሰሮች መልስ አያጡም፤ «ገበያው የሚፈልገው ይህን ነው» ይላሉ።

የመክሰር ፍርሃታቸው ይገባል። ዘፋኙ ግጥሙን ከአንዱ፣ ዜማውን ከሌላው ይገዛና ለቅንብር አምና ወደተወደደለት አቀናባሪ ይሮጣል፤ ሌሎቹም እዚያው ተሰልፈዋል። እንጀራው ከሠርግና ከመድረክ ስለሆነ አዳራሹን ወዲያው የሚያስነሳ ዘፈን ይመርጣል። ለክሊፕ ገንዘብ የሚያወጣውም ባልተሞከረ ነገር ላይ ብሩን አይጥልም። የሚከብደው ጥፋቱን በአድማጩ ላይ ማላከካቸው ነው።

አድማጩ የተለየ ነገር አይሸሽም። የኦሮምኛ ዘፋኙ ሀጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጂራ» የተባለውን ዘፈኑን በ2007 ዓ.ም ሲያወጣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያጣምረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነስቶ ነበር። ዘፈኑ ላይ ላዩን የመለያየት እንጉርጉሮ ነው። ነገር ግን ጉለሌን በስም ያነሳል፤ የሚያለቅሰውም ከመሬቱ ለተነሳ ሰው ጭምር ነው። ብዙም ሳይቆይ የተቃውሞው መዝሙር ሆነ። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም ቀረ፤ ያስቀረው ዘፈኑ ነው ማለት ግን ግነት ነው። ሀጫሉ አዲስ ምት አልፈለሰፈም። ሕዝቡ በሚያውቀው የፍቅር ዘፈን ውስጥ የዚህን አካባቢ ጉዳይ አስገባበት እንጂ። ገበያው ሸሸው?

የቀደመውም ታሪክ ይኸው ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። የሙዚቃ መደብር የነበረው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ክልከላ ጥሶ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ፤ እስከ 1975 ድረስም ከዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ እስከ ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ አሳተመ። ነጋዴ ነበር፤ ትርፍም ይፈልጋል። ልዩነቱ ሌላው ያልሞከረውን ለመሸጥ መድፈሩ ነው።

ዛሬ የሰለቸን ኪቦርድ ራሱ አንድ ወቅት እንግዳ ነበር። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑንና ሲንተሳይዘሩን ብቻውን ተጫውቶ ሲቀዳ ማን እንደዚያ ያደርግ ነበር? ሮፍናንም በ2010 ዓ.ም «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ ባህላዊውን ምት ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዳቅሎ ብዙ አድማጭ አገኘ።

ሠርግ ይሠረግ፣ ችክችካውም ይመታ። ከአሥር ክሊፕ አንዱን ግን ባለገንዘቦቹ ማንም ለማያውቀው የሰበታ ወይም የቡራዩ ወጣት አቀናባሪ ሰጥተው ይሞክሩት። ካልተሸጠ ያኔ ገበያውን ይጥቀሱ።