ክለብ ለሚያስተዳድሩ ከንቲባዎች፦ ከፊርማው በፊት

ክቡር ከንቲባ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የእግር ኳስ ክለብ ለሚያስተዳድር የከተማ ከንቲባ ሁሉ ነው። ስም ያልጠራሁት ጉዳዩ የአንድ ከተማ ብቻ ስላልሆነ ነው። ወቅቱን ግን አስቤ መርጫለሁ። ሐምሌ ላይ አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል፤ ምክር ቤቱ የክለቡን ድጎማ ያጸድቃል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ገንዘቡ ለተጫዋች ፊርማ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ ለወቀሳ እንጂ ለሥራ አይውልም።

ሀብታም የክለብ ባለቤት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የአቡዳቢው ሼህ ወይም የሩሲያው ቱጃር ነው። በእኛ አገር ግን ሀብታሙ ባለቤት እርስዎ ነዎት። ከጥቂቶቹ በቀር የፕሪሚየር ሊጋችን ክለቦች የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር፣ ከክልል ወይም ከመንግሥት ድርጅት ካዝና በሚወጣ ገንዘብ ነው። አሰልጣኝ ሲቀጠርም ሲሰናበትም ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ደጋፊው ስለ ማንቸስተር ሲቲና ስለ ቼልሲ የሚከራከርበት ጥያቄ፣ ገንዘብ ለአንድ ክለብ ዘላቂ ታላቅነት ይገዛለታል ወይ የሚለው፣ ከማንም በፊት እርስዎን ይመለከታል።

የእኔን መልስ አልደብቅዎትም። ገንዘብ ዋንጫ ይገዛል። ይህን የሚክድ ሰው እግር ኳስ አይከታተልም። ታላቅነቱ የሚታወቀው ግን ከፋዩ በሄደ ማግስት ነው፤ ያን ቀን በሕይወት ለመገኘት ደግሞ ገንዘቡ ገና ሲወጣ የት እንደሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል።

ጅማን እናስታውስ። ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ አድጎ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ፤ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። የዚያን ሰሞን የጅማን ደስታ ማንም ሊያሳንሰው አይችልም፤ እኔም አላሳንሰውም። ነገር ግን በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኙ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዱ፤ የ2011 ዋንጫም ተከትሏቸው መቐለ ገባ። ጅማ በ2014 ወረደ። በ2005 ሻምፒዮን የነበረው ደደቢትም በ2011 ከሊጉ ወርዷል። እነዚህ ክለቦች ዋንጫውን ያገኙት በስርቆት አይደለም፤ ጥሩ ተጫዋችና ጥሩ አሰልጣኝ አሰባስበው አሸንፈዋል። የተሰበሰበው ሲበተን ግን ከሥር የሚተካው አልነበረም።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ ነው ብለው እንዳያዝኑ አንድ የእንግሊዝ ከተማ ላሳይዎት። ብላክበርን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ፣ በጥጥ ፋብሪካዎቿ የታወቀች፣ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉም የተጎዳች አነስተኛ ከተማ ናት። ጃክ ዎከር የሚባል የከተማዋ ተወላጅ በብረት ንግድ ከበረና ድርጅቱን ለብሪቲሽ ስቲል ሸጠ። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከልጅነቱ የሚደግፈውን ብላክበርን ሮቨርስን በእጁ አስገባ። ክለቡ ያን ጊዜ በሁለተኛው እርከን ይማቅቅ ነበር። ዎከር ኬኒ ዳልግሊሽን በአሰልጣኝነት አመጣ። በ1992 አላን ሺረርን በ3.6 ሚሊዮን፣ በ1994 ክሪስ ሰተንን በ5 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረመ፤ ሁለቱም ዋጋዎች በጊዜያቸው የአገሪቱ ክብረ ወሰን ነበሩ። በግንቦት 1995 በሊጉ የመጨረሻ ቀን ብላክበርን አንፊልድ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ማንቸስተር ዩናይትድ ግን ዌስትሃም ሜዳ ላይ 1 ለ 1 ወጣ። በአንድ ነጥብ ብልጫ ዋንጫው ብላክበርን ገባ።

ከዚያስ? ዳልግሊሽ ከአሰልጣኝነቱ ተነሥቶ ቢሮ ገባ። በ1996 ሺረር በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ኒውካስል ሄደ። በ1999 ክለቡ ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት ነው፤ ጅማም የቆየው አራት ዓመት ነው። ልብ ይበሉ፣ ክለቡ ሲወርድ ዎከር በሕይወት ነበር፤ ገንዘቡም አላለቀም። በቀጣዩ ዓመት አረፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ ክለቡን ቬንኪስ የተባለ የሕንድ የዶሮ ኩባንያ ገዛው፤ በ2012 እንደገና ወረደ፤ በ2017 ይባስ ብሎ ሦስተኛው እርከን ላይ ደረሰ።

የዎከር ታሪክ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለእርስዎ ባልጻፍኩት። ሰውዬው ከሺረርና ከሰተን ሌላ ያወጣው ገንዘብ ነበር። ኢውድ ፓርክ የተባለውን ስታዲየም አሳደሰ፤ ብሮክሆል በተባለ መንደር ደግሞ የልምምድ ማዕከልና የታዳጊዎች አካዳሚ አሠራ። ለዚያ ማንም አደባባይ ወጥቶ አልጨፈረም። ነገር ግን በብላክበርን ተወልዶ በክለቡ ታዳጊ ቡድን ያደገው አዳም ዋርተን በ2024 መጀመሪያ ለክሪስታል ፓላስ ሲሸጥ መነሻ ዋጋው 18 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ሄደ። ልጁ ሲወለድ ዎከር ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሺረር የተገዛበት ገንዘብ ያመጣው ድል ከሺረር ጋር ሄዷል። ብሮክሆል የፈሰሰው ግን ባለቤት ሲቀያየር፣ ክለቡ ሲወርድና ሲወጣ፣ እስከ ዛሬ ለክለቡ ልጅ ያሳድጋል። አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚሄደውንም የሚቀረውንም ስለገዛ ነው ከሁሉም ምሳሌ ይህን የምወድደው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ አጭር ነው፤ ምናልባትም ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በሩሲያ ዳግስታን የሚገኘውን አንዢ ማካችካላን በ2011 እ.ኤ.አ. ሱሌይማን ከሪሞቭ የተባለ ቢሊየነር ገዛው። ሮቤርቶ ካርሎስ መጣ፣ ሳሙኤል ኤቶ መጣ፣ ጉስ ሂዲንክ አሰልጣኝ ሆነ። ተጫዋቾቹ ግን የሚኖሩትም የሚለማመዱትም ሞስኮ ነበር፤ በአውሮፕላን መጥተው በከተማቸው ይጫወቱና ይመለሳሉ። በነሐሴ 2013 ባለቤቱ በጀቱን ቆረጠ፣ ኮከቦቹ ተሸጡ፣ በቀጣዩ ዓመት ክለቡ ወረደ። ከተማው ውስጥ ያልኖረ ቡድን ሲፈርስ ለከተማው ምን ጥሎለት ይሄዳል?

ይህን ሳነሳ ስለ እኛ ሊግ እያሰብኩ መሆኑን መቼም አይስቱትም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች በዙር ስለሚካሄድ ክለቦቻችን የዓመቱን ብዙ ወራት በሰው ከተማ ሆቴል ያሳልፋሉ። ደጋፊው የራሱን ቡድን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ በቴሌቪዥን ነው። ውሳኔው የእርስዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከሜዳ መግቢያ የሚገኘውን ገቢ አሳጥቶናል፤ ከገቢው በላይ ደግሞ አባት ልጁን ይዞ ስታዲየም የሚሄድበትን እሑድ ወስዶብናል። የሜዳ ነገር ከተነሳ ደግሞ በሰኔ 2014 ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ አንድ ስታዲየም አገር ውስጥ አልነበረምና። በዚያን ጊዜ በየከተማው ለፊርማ የሚወጣው ገንዘብ አልተቋረጠም ነበር።

አሁን ክርክሩን ወደ እኔ ላዙረው፤ የሚያነሱልኝን ተቃውሞ ስለማውቅ። ማንቸስተር ሲቲስ? በ1999 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው እርከን ላይ የነበረ ክለብ፣ በ2008 በሼህ መንሱር ተገዝቶ፣ እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ የሊጉን ዋንጫ አነሳ። እውነት ነው። ነገር ግን ሲቲ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ተጫዋች በመግዛት ካሳለፈ በኋላ በ2012 ከባርሴሎና ፌራን ሶሪያኖንና ቺኪ ቤጊሪስታይንን ለአስተዳደር አመጣ፤ በ2014 ከስታዲየሙ አጠገብ የታዳጊ ማዕከል ከፈተ፤ ጋርዲዮላ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ2016 ነው። ፊል ፎደን የወጣው ከክለቡ ታዳጊ ቡድን ነው። በተጨማሪም የፕሪሚየር ሊጉ በየካቲት 2023 ከ100 በላይ የፋይናንስ ደንብ ጥሰቶችን ጠቅሶ ክለቡን መክሰሱን አንርሳ። ከሁሉ በላይ ግን ሼህ መንሱር አልሄዱም። የሲቲ ፈተና ገና አልተሰጠም።

ቼልሲ ግን ተፈትኗል። ሮማን አብራሞቪች በ2003 እ.ኤ.አ. ገዝተው አምስት የሊግ ዋንጫና ሁለት የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ካዩ በኋላ፣ በ2022 በማዕቀብ ምክንያት በሳምንታት ውስጥ ከክለቡ ተለዩ። አዲሶቹ ባለቤቶች ገንዘብ ሳይሰስቱ አፈሰሱ፤ የመጀመሪያው ዓመት የተጠናቀቀው በ12ኛ ደረጃ ነው። ለንደን ውስጥ የሚገኝ፣ በመላው ዓለም ደጋፊ ያለው ክለብ ስለሆነ ከዚያ ተነሥቷል። እርስዎ ያለ ድጎማ የአንድ ወር ደመወዝ መክፈል የማይችል ክለብ ይዘው ይህን ባይሞክሩት ጥሩ ነው።

ከአገር ቤት ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ሼህ መሐመድ አላሙዲ ለዚህ ክለብ ያደረጉት ድጋፍ ትልቅ ነው። እርሳቸው ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ጥር 2011 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታስረው ቆዩ፤ ክለቡም ከ2009 ዋንጫ በኋላ እስከ 2014 ሊጉን አላሸነፈም። ሁለቱን በቀጥታ ማገናኘት አልፈልግም፤ የእግር ኳስ ውጤት አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። የሚገርመኝ ሌላው ነው፦ ክለቡ አልፈረሰም፣ አልወረደም፣ በ2014 እና በ2015 ተመልሶ አሸነፈ። በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ሰሞን የተመሠረተ፣ ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው ያፈራ፣ ደጋፊው ከአያት ለልጅ ልጅ የሚወርስ ክለብ ስለሆነ ነው። ባለሀብቱ ሲመጡ ታላቅነቱን ቆሞ አገኙት፤ አልፈጠሩትም።

ሌላ ልዩነትም አለ። ዎከር ያወጣው የራሱን ገንዘብ ነው፤ ቢያባክነው የሚጠይቀው የለም። እርስዎ የሚያወጡት ከንግድ ፈቃድ፣ ከቤት ግብርና ከገበያ ቦታ ኪራይ የተሰበሰበ ነው። ሼህ መንሱር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቦታቸው አሉ፤ በአገራችን አንድ ከንቲባ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ተተኪዎ ኳስ የማይወድ ሰው ቢሆንስ?

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳያልፍ ተስማምተው ነበር። ከጣሪያው በላይ ስለሚከፈለው ገንዘብ የሚወራው ግን ከዚያ ወዲህም አላቋረጠም። በመመሪያ ብቻ የሚሆን ነገር አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ከንቲባው የሚገመገመው በዋንጫ ነው ብሎ እስካሰበ ድረስ ገንዘቡ መውጫ አያጣም። በ2016 ሻምፒዮን የሆነው ንግድ ባንክ እንደ ጅማ ሁሉ ባደገ በዓመቱ ነው ያሸነፈው፤ ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲሻገር ግን ከታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ጋር በመልሱ ጨዋታ 6 ለ 0 ተሸነፈ። እዚህ ዋንጫ የሚገዛው ገንዘብ ድንበር ሲሻገር ይቀልላል።

ስለዚህ የምጠይቅዎት ክለቡን እንዲዘጉ አይደለም፤ በጀቱን እንዲቀንሱም አይደለም። ካለው ድጎማ ላይ የተወሰነ ድርሻ፣ ከእርስዎ የሥልጣን ዘመን ለሚረዝም ጊዜ፣ ለተስፋ ቡድኑና ከ17 ዓመት በታች ላሉት እንዲታሰር ምክር ቤቱን ያስወስኑ። ከንቲባ ሲቀየር የማይነካ ይሁን። ከዚያ ድርሻ መጀመሪያ የሚከፈለው የታዳጊዎቹ አሰልጣኝ ደመወዝ ይሁን፤ የዋናው ቡድን አንድ ተቀያሪ ተጫዋች የሚያገኘውን ያህል ቢያገኝ የሚያዝን ደጋፊ የለም። የልምምድ ሜዳው ካርታ በክለቡ ስም ይውጣ፤ ነገ ለሕንፃ እንዳይሰጥ። የደጋፊ ማኅበሩ በዓመት መዋጮ የሚከፍሉ አባላት ይኑሩት፤ እነርሱ የመረጡት ሰውም በቦርዱ ይቀመጥ። በአባላቱ የተያዘውና የባስክ ልጆችን ብቻ የሚያሰልፈው አትሌቲክ ቢልባዎ የስፔን ሊግ ከተጀመረበት ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጊዜም አልወረደም። የንጉሡን ዋንጫ በ1984 ካነሳ በኋላ እንደገና ያገኘው በ2024 ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ደጋፊው ሜዳውን አልለቀቀም። እኛ የምንጠብቀው ይህን ያህል አይደለም፤ አምስት ዓመት ይበቃል።

ምክር ቤቱ ከመሰብሰቡ በፊት ሁለት ቁጥር በከተማው አስተዳደር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልን፦ ዘንድሮ ለተጫዋች ፊርማ የተያዘው ስንት ብር ነው፣ ለተስፋ ቡድኑስ ስንት? ሁለተኛው ባዶ ከሆነም ባዶ ብለው ይጻፉት።

ከአክብሮት ጋር