የአንጀት ሕመም ያለበትን ልጅ ስለ መርዳት

ሌላው ሕመም በቤተ ሰብ መካከል በግልጥ ሲነገር፥ የአንጀት ሕመም ግን ነውር መስሎ ይሸሸጋል። ስለዚህ ወጣቱ በሕመሙ ላይ ኃፍረት ተጨምሮበት ከጨዋታም ከትምህርትም ይርቃል።

ክሮን የሚባለው የአንጀት ሕመም እንዲህ ያለ ነው። ዶክተር ክሮንና ባልንጀሮቻቸው በኒው ዮርክ ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓመት፥ ገልጠው ጻፉት። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ፈጽሞ የሚነቅለው መድኃኒት ባይገኝም በሕክምና ይበርዳል። በተነሣ ጊዜ ግን ሆድ ይቈርጣል፥ ያስቀምጣል፥ ያከሳል፤ የልጅንም እድገት ሊያዘገይ ይችላል።

በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ይህ ሕመም ያለባት የ14 ዓመት ልጃገረድ ከእናቷ ጋር ገበያ ሳለች ሕመሙ ቢነሣባት፥ የመደብሩ ሹም ወደ ሠራተኞቹ መጸዳጃ ቤት እንዳትገባ ከለከላት። እርስዋ ግን በኃፍረት ዝም አላለችም፤ ከእናቷ ጋር ሆና ለሕዝብ እንደራሴ አመለከተች። በ2005 እንዲህ ያለው ሕመምተኛ በቸገረው ጊዜ እንዳይከለከል የሚያዝ ሕግ ወጣ።

እኛም ወላጆችን የምንመክረው ይህን ነው። ለመምህሩ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ልጁ በበር አጠገብ ይቀመጥ፥ ፈቃድ ሳይጠይቅም ይውጣ። ተሻለኝ ብሎ ያለ ሐኪም ቃል መድኃኒቱን እንዳይተው ተጠንቀቁ። በሐኪም ፊት ስለ ሕመሙ ራሱ እንዲናገር አለማምዱት። በበረደለትም ጊዜ ከእኩዮቹ ጋር ይሩጥ፥ ይጫወት።

ሕመሙን ለማጥፋት ባንችል እንኳ ኃፍረቱን ማራቅ በእጃችን ነው።