የራሳችንን ቀለም ብቻ እንፈግፍግ

በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ፈተና፤ ስለ ምግብ ቤቱና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ስለ አሮጌ ቁም ሣጥንና ስለ ቀለም ቆርቆሮ እንጽፋለን ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ፤ አንዳንዶቻችሁም «ኅብረቱ ሌላ የሚጽፈው አጣ?» እንደምትሉ እናውቃለን። ነገር ግን ጉዳዩ የኪሳችን፤ የጤናችንና የሐቀኝነታችን ጉዳይ ስለ ሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን በትሕትና እንለምናለን።

እንደሚታወቀው ከግቢ ውጭ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ባዶውን ክፍል ከተረከብን በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን ላይ እንቀመጣለን? መጽሐፋችንንስ የት እናኖራለን?» የሚል ነው። አዲስ የቤት ዕቃ ለመግዛት ዐቅም የለንም። ዐቅማችን የሚደርስበት ርካሹ አዲስ ዕቃም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የእንጨት ፍቅፋቂ በማጣበቂያ ተጨፍልቆ ላዩ በቀጭን ልባስ የተሸፈነ ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ ነው። ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ብሎኑ አንድ ጊዜ ከተነቀለ ተመልሶ አይጨብጥም። ስለዚህ ፊታችንን ወደ አሮጌው እናዞራለን። መርካቶ እንወርዳለን፤ ቆራሌውን እናስቆማለን፤ ተመርቀው ከሚወጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንገዛለን። በዚህ መንገድ የሚገኘው ዕቃ እግሩ የሚነቃነቅ፤ መልኩ የጠቆረ ቢሆንም ብዙ ጊዜ አጥንቱ ደህና ነው። ጥቂት ኮላ፤ ብርጭቆ ወረቀት፤ አንድ ብሩሽና አንድ ቆርቆሮ ቀለም ከተገኘ በሁለት ቅዳሜ ሥራ ሰው ፊት የሚቀርብ ይሆናል።

ታዲያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ሥራ ላይ አንድ ፋሽን ተጨምሮበታል። ዕቃውን ነጭ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ይቀቡትና ቀለሙ ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ከሥር ያለው አሮጌ ቀለም ብቅ እንዲል ያደርጋሉ። ዕቃው አያት ለልጅ፤ ልጅ ለልጅ ልጅ ያወረሱት ይመስላል። ይህን መልክ በዓለም ካስታወቁት አንዷ እንግሊዛዊቷ ሬቸል አሽዌል ስትሆን፤ በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በሳንታ ሞኒካ ከተማ «ሻቢ ሺክ» የተባለ ሱቅ ከፍታ አዲስነትን ሳይሆን እርጅናን መሸጥ ጀመረች። ዛሬ ሥዕሉ በየሰዉ የእጅ ስልክ ላይ ይታያል። እኛም አይተን ወደድነው።

ባለፈው ዓመት ሦስት ሆነን በተከራየንበት ግቢ አንድ ባለ ሁለት መዝጊያ ቁም ሣጥን ገዝተን አመጣን። ላዩ ብጫ ነበር፤ ብጫው በተላጠበት በኩል አረንጓዴ፤ ከአረንጓዴውም ሥር ብርቱካን መልክ ያለው ቀለም ይታይ ነበር። ይህ ሁሉ ድርብርብ በጠርዙ ላይ ብቅ ብቅ ቢል እንዴት ያምራል ብለን ቅዳሜ ጧት ደጅ አውጥተን በደረቁ እንፈገፍገው ጀመር። አቧራው እንደ ጉም ተነሥቶ በተሰጣው ልብስ ላይ ዐረፈ። የአከራያችን የሁለት ዓመት ልጅ ዳቦዋን ይዛ አጠገባችን ተቀምጣ በአቧራው ላይ በጣቷ ትሥል፤ ጣቷንም መልሳ ትልስ ነበር። እሷ ስትስቅ እኛም እንስቅ ነበር።

በዚያው ግቢ የሚኖሩ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ከቤታቸው ብቅ ብለው አዩንና «ልጆች፤ አስቀድማችሁ ሕፃኗን ከዚያ አንሡ» አሉን። አነሣናት። «ጋሼ፤ ምን አጠፋን?» ብንላቸው «የምትፈገፍጉት ቀለም ውስጡ ምን እንዳለበት ታውቃላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። አናውቅም አልናቸው። «እንግዲያው ጥፋቱ እሱ ነው» አሉ።

ያስፈራቸው እርሳስ ነው። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ማለታችን አይደለም፤ ከባዱን ማዕድን ማለታችን ነው። ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ፤ እንዲደምቅና ዝናብና ፀሐይ እንዲችል ሲባል ለብዙ ዘመን ከእርሳስ የተሠሩ ቅመሞች ይጨመሩበት ነበር። በተለይ ብጫ፤ ብርቱካንና ቀይ ቀለም በዚህ ይጠረጠራሉ። አደገኛነቱ ትናንት የታወቀ ነገር አይደለም። ነጭ እርሳስ በሕንፃ ውስጥ ቀለም ቅብ እንዳይሠራበት የሚገድበው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት የወጣው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ቀለም ከመኖሪያ ቤትና ከቤት ዕቃ የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን፤ በአገራችን የእርሳሱ መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዘው ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተቀባ ወንበር ሁሉ እርሳስ አለበት ማለታችን አይደለም። በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል አለበት ብሎ መጠርጠር ይገባል ማለታችን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም?

የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ ነው ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። የሕፃን ሰውነት የዋጠውን እርሳስ ከዐዋቂ ሰውነት 4 ወይም 5 እጥፍ አብልጦ ይስባል። የሚጎዳው በተለይ ገና በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው፤ ጉዳቱም ተመልሶ አይድንም። አሮጌው ቀለም በዕቃው ላይ ጸንቶ ተኝቶ ሳለ አደጋው አነስተኛ ነው። አደጋው የሚበረታው ተላልጦ ሲረግፍ ወይም እኛ ፈጭተን አቧራ ስናደርገው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፋሽኑ «የቆየው ቀለም ብቅ እስኪል ፈግፍጉ» የሚለን ይህንኑ እንድናደርግ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣን፤ ይኸውም ራሳችን ካልቀባነው በቀር ምንም ቀለም በደረቁ አንፈገፍግም የሚል ነው። ሕጉን ስናወጣ ያሰብነው ለጤና ብቻ ነበር። ነገሩን ስናብላላው ግን ለሐቀኝነትም እንደሚያገለግል አየን። ወደዚያው እንመለሳለን፤ አስቀድመን ግን ሥራው እንዴት እንደሚሆን እንናገር።

በመጀመሪያ ዕቃው በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። የላላው መጋጠሚያ ኮላ ይገባበትና በገመድ ጠብቆ ታስሮ ያድራል። ቀዳዳው በስቱኮ ይሞላል። አሮጌው ቀለም ጸንቶ ከሆነ እርሱን ማንሣት አያስፈልግም። አዲሱ ቀለም እንዲይዝ የሚበቃው፤ ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ በስሱ ማሸት ነው። እርጥብ ሲሆን አቧራ አይነሣም። የወጣው ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይጣላል፤ እጅም በሳሙና ይታጠባል። ሥራው ከመኝታ ክፍል ውጭ ይሁን፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አይቅረቡ። ቀለሙን በእሳት ማቃጠል ፈጽሞ አይገባም፤ ጢሱ ከአቧራው አይሻልም። ዕቃው መላ አካላቱ እየተላላጠ ከሆነ ደግሞ ርካሽ ነው ብለን ባንገዛው ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ጠቆር ያለ ቀለም፤ ቡናማ ወይም ጥቁር ሰማያዊ፤ ራሳችን እንቀባለን። ሲገዛም ቆርቆሮው ላይ እርሳስ የሌለበት ስለ መሆኑ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ይህ በደንብ ሲደርቅ ቁራጭ ሻማ ወስደን ጠርዙን፤ የመሳቢያውን እጀታ ዙሪያና የወንበሩን መደገፊያ ጫፍ እናሽበታለን። በላዩ ላይ ነጩን ወይም ፈዛዛውን ቀለም እንቀባለን። እርሱም ሲደርቅ ሻማ ያሸንበትን ቦታ በጨርቅ ወይም 220 ቁጥር በሆነ ልስልስ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለን ብንነካው ቀለም ሰም ላይ ስለማይይዝ በቀላሉ ይለቃል፤ ከሥሩ ጠቆር ያለው የራሳችን ቀለም ብቅ ይላል። የቀረውን ሰም ጠርገን ቫርኒሽ ብንደርብበት ሥራው አለቀ። ያ መምህር ያስቆሙን ቁም ሣጥን ዛሬ በዚህ ዓይነት ተቀብቶ ክፍላችን ውስጥ ቆሟል። አረንጓዴውና ብርቱካኑ ከሥር ታሽገው ተኝተዋል።

አሁን ወደ ሐቀኝነቱ እንመለስ። አንድ ጓደኛችን «ታዲያ አዲሱን አሮጌ ማስመሰል ራሱ ውሸት አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀን። በጎ ጥያቄ ነው። የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። ሰው በክፍሉ ውስጥ ለዓይኑ ደስ እንዲለው ቢያደርገው ጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ ማንንም አይበድልም። «ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው» ብሎ ሲሸጠው ግን ሌብነት ይሆናል። ከመካከላችን አንዱ በዚሁ ስም አንድ ወንበር በውድ ገዝቶ መጣ። ገልብጠን ብናየው እንጨቱ ገና ነጭ፤ ብሎኑም አዲስ ነበር፤ ፍግፈጋውም የሰው እጅ በማይደርስበት በእግሩ ውስጠኛ ገጽ ሳይቀር ነበር። እውነተኛ እርጅና እጅ በሚጨብጥበት፤ ጀርባ በሚደገፍበትና እግር በሚመታበት ቦታ ይታያል እንጂ በየቦታው አይዘራም። የራሱን ቀለም የፈገፈገ ሰው ግን ሲጠየቅ «ላዩም ታቹም የእኔ ሥራ ነው» ለማለት ይችላል። ይህ ለእኛ ለተማሪዎች እንግዳ ትምህርት ሊሆንብን አይገባም። የሌላውን ጽሑፍ ገልብጦ እዚህም እዚያም ቃል ፈግፍጎ የራሱ አስመስሎ ለመምህሩ የሚያቀርብ ተማሪ ከዚያ ወንበር ሻጭ በምን ይለያል?

ሁለተኛው ተቃውሞ የእንጨት አፍቃሪዎች ነው። «መልካሙን እንጨት በቀለም መሸፈን ኃጢአት ነው» ይሉናል። በዚህስ ከእነርሱ ጋር ነን። ቀለም ያልነካው የዋንዛ ወይም የዝግባ ጠረጴዛ ያገኘ ሰው ቫርኒሽ ብቻ ቀብቶ ቢተወው እንመክራለን። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፤ ዝግባ፤ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ እስከ መከልከል የደረሰው ዛፎቹ ስለ ተመናመኑ ነው። እንግዲህ ቤታችን ያለው አሮጌ የዋንዛ ጠረጴዛ በቀላሉ የማይተካ ዛፍ ነው። እንጨቱን ለማወቅ ደግሞ መላጥ አያስፈልግም፤ ከሥሩና ከመሳቢያው ጀርባ ቀለም ያልነካውን ቦታ ማየት ይበቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ በአፍ አይነገርም፤ በዓይን ግን ይነበባል። ብሩሽ ይዘን ደጅ ስንቀመጥ «ይህን ሊሠራ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው?» የሚል ዓይን ያልፋል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ንቀቱ ግን ከአንዳንዶቻችን ልብ ገና አልወጣም። አናጢውንና ቀለም ቀቢውን የናቀ ሰው ትልቅ ነገር ያጣል፤ ጥያቄ የሚጠይቀው ያጣል። እኛ አቧራ ስናስነሣ በነበርንበት ቀን አንድ የታወቀ ቀለም ቀቢ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ በእርጥብ እንድናሽ በነገረን ነበር። ቀለም ቀቢዎቹም በበኩላቸው ዕድሜ ልካቸውን በደረቅ አቧራ ውስጥ ሲሠሩ ስለ እርሳስ የነገራቸው የተማረ ሰው ስንት ይሆን? ዕውቀቱ ከእኛ ቤተ ሙከራ ወጥቶ እነርሱ ዘንድ ካልደረሰ ጥፋቱ የማን ነው?

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፤ ኅብረቱ በየዓመቱ በሰኔ ወር አንድ መጋዘን አስፈቅዶ ተመራቂዎች ትተውት የሚሄዱት ዕቃ ሜዳ ላይ ከሚወድቅ ለአዳዲስ ተማሪዎች በመጠነኛ ዋጋ እንዲተላለፍ ያድርግ። ሁለተኛ፤ እዚያው መጋዘን ውስጥ ለጋራ መገልገያ የሚሆን መዶሻ፤ መጋዝ፤ ብሩሽ፤ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀትና የአፍንጫ መሸፈኛ ይቀመጥ፤ ሥራውን የሚያሳይም አንድ ባለሙያ አናጢ ተገቢው ዋጋ ተከፍሎት ይጋበዝ። ሦስተኛ፤ የኬሚስትሪ መምህሮቻችን ከአሮጌ ዕቃ ላይ የሚወሰድ ቅንጣት ቀለም እርሳስ ያለበት መሆን አለመሆኑን በቤተ ሙከራቸው መርምረው እንዲነግሩን በአክብሮት እንጠይቃለን። ለተማሪዎቻቸውም ጥሩ መልመጃ ይሆናል ብለን እናምናለን።

የአከራያችን ልጅ ዛሬም ወደ ክፍላችን እየመጣች የቁም ሣጥኑን መዝጊያ ትከፍታለች፤ ትዘጋለች፤ ትስቃለች። እኛ ግን ያችን ቅዳሜ ባሰብን ቁጥር ሣቃችን ይቋረጣል። ሌላ ግቢ ውስጥ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ተማሪ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ከመነሣቱ በፊት ይህን እንዲያነብ፤ ያነበባችሁም ላላነበበው እንድትነግሩልን አደራ እንላለን።